ላዩ ላይ የቀዳሁበት ድምፅ

ሰሞኑን አንድ ወጣት ዘፋኝ ሥራውን ላከልኝ። «ጋሼ፣ ሁለተኛው አዝማች ላይ ድምፄ ይሰነጠቃል። በኦቶቲውን (የድምፅ ቅኝት በሚያስተካክለው ሶፍትዌር) ላቃናው ወይስ እንደገና ልግባ?» ይላል። ሦስት ቀን ሙሉ መልስ አልሰጠሁትም።

በ1987 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ አንድ የካሴት ስቱዲዮ ውስጥ ቀረጻ እሠራ ነበር። አንዲት ልጅ ጉንፋን ይዟት መጣች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትንሽ ሳለችና ስለ እናቷ ማንጎራጎር ጀመረች። ለራሷ የምታወራ ነው የምትመስለው። እኔ ከመስታወቱ ማዶ የማየው የድምፅ መለኪያውን መርፌ ብቻ ነው። መርፌው ንቅንቅ አይልም። «ጮክ በይ እንጂ! እንደገና!» አልኳት። ሪል (የመቅረጫው ቴፕ) ውድ ስለነበር እዚያው ላይ ቀዳሁበት። ሁለተኛው ጥርት ብሎ ወጣ። ሰማችው፤ ማዳመጫውን አወለቀችና «የበፊቱ የለም?» አለችኝ።

«የለም» አልኳት።

በዓመቱ ሲያትል ታክሲ የሚነዳ የአክስቴ ልጅ የአሜሪካኑን ሮክ ባንድ የኒርቫናን «ኔቨርማይንድ» አልበም ላከልኝ። ሁለት ዘፈን ሰምቼ፣ ጩኸት ነው ብዬ ወረወርኩት። (ዛሬ እናንተን 15 ሴኮንድ ሰምታችሁ ትዘላላችሁ ብዬ እቆጣለሁ።) አንድ ማታ እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ወደ መጨረሻው ደረስኩ። እዚያ ዘፋኙ ያንሾካሹካል።

አሠራሩን ያወቅኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. 1991፣ ሎስ አንጀለስ፣ ሳውንድ ሲቲ ስቱዲዮ። ያ የመጨረሻው ዘፈን ከባንዱ ጋር ሲሞከር አልሆነም። ዘፋኙ ከርት ኮቤይን መቆጣጠሪያ ክፍል ገብቶ ሶፋ ላይ ተጋደመና እያንሾካሾከ አሳየ። ፕሮዲውሰሩ ቡች ቪግ ጮክ በል አላለውም። ስልኩን ነቀለ፣ ማቀዝቀዣውን አጠፋ፣ ማይኩን ወደ ሶፋው አመጣ። ጊታሩ አምስት ክር ብቻ የቀረው፣ ቅኝቱ የተዛባ አሮጌ ነገር ነበር። ቤዙን ኋላ ከሱ ጋር ማስማማት አሳር ሆነባቸው።

አልበሙ አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታተመው 50 ሺህ ቅጂ እንኳ አይሞላም። እ.ኤ.አ. በጥር 1992 ግን የማይክል ጃክሰንን አልበም ከቢልቦርድ፣ ከአሜሪካ የአልበሞች ደረጃ ሰንጠረዥ፣ አናት አወረደው። ከዚያ የሙዚቃ ኩባንያዎቹ ባንድ ፍለጋ ሲያትልን ሲያስሱ ከረሙ።

ያው ቪግ ግን ሌላ ዘፈን ላይ ድምፅህን ሁለቴ ቀድተህ ደርብ ሲለው ኮቤይን አሻፈረኝ ብሏል። ቪግ የቢትልሱ ጆን ሌነንም ያደርገው ነበር ብሎ አግባባው። ኋላ ኮቤይን አልበሙ ከመጠን በላይ ተወልውሏል እያለ አማረረ። እኔ ግን ከቪግ ጋር ነኝ። እርስ በርሱ ይጣረሳል? ይጣረስ።

ለልጁ እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦ ግባና ድገመው። የተሰነጠቀውን ግን እንዳታጠፋ። ስልኬ ሞላ ካልክ ለእኔ ላክልኝ፣ አስቀምጥልሃለሁ።