የይለፍ ቃሉን በእጄ ሰጥቼ መክሰስ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ከአንድ ወር በፊት የላፕቶፔ ስክሪን ተሰብሮ አዲስ አበባ ሜክሲኮ አካባቢ ላለ ጠጋኝ ሰጠሁት። «ከቀየርኩ በኋላ ልሞክረው» ብሎ የይለፍ ቃሌን ሲጠይቀኝ ነገርኩት። ሦስት ቀን እሱ ዘንድ ቆየ። ባለፈው ሳምንት የማላውቀው ሰው ዱባይ ለሚኖረው ባለቤቴ ብዬ የተነሣሁትን ፎቶና የመታወቂያዬን ቅጂ በቴሌግራም ልኮ «40,000 ብር ካላስገባሽ ለቤተሰብሽ እበትነዋለሁ» አለኝ፤ የባንክ ሒሳብ ቁጥርም ጽፎልኛል። የጥገና ደረሰኙ ላይ «ለሚጠፋ መረጃ ኃላፊነት አንወስድም» የሚል አለ። የይለፍ ቃሉን ራሴ ሰጥቼ መክሰስ እችላለሁ? ላፕቶፑንስ ፎርማት ላስደርገው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ፎርማት አያስደርጉት። እንዲያውም ከዛሬ ጀምሮ አጥፍተው ያስቀምጡት። ፍላሽ ወይም ሌላ ማከማቻ ሲሰካበት ዊንዶውስ ውስጥ አሻራ ይቀራል፤ በቅርቡ የተከፈቱ ፋይሎችም እንዲሁ። ላፕቶፑ ከእጅዎ ውጭ በነበረባቸው ሦስት ቀናት የሆነውን ሊናገር የሚችለው ላፕቶፑ ራሱ ነው። በተጠቀሙበት ቁጥር ግን አሻራው ይደበዝዛል።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልመለስ። አዎ፣ መክሰስ ይችላሉ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 3 የሚቀጣው ያለ ፈቃድ የገባን ብቻ አይደለም፤ ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ የሄደንም ነው። ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት፣ ወይም ከ30,000 እስከ 50,000 ብር መቀጮ፣ ወይም ሁለቱም ነው። እርስዎ የይለፍ ቃሉን የሰጡት ስክሪኑ መሥራቱን እንዲያይበት ነው። ቧንቧ ሊጠግን ቤት የገባ ሰው ቁልፉን ከቤቱ ባለቤት እጅ ቢቀበልም ቁም ሣጥን እንዲከፍት አልተፈቀደለትም። (በነገራችን ላይ ስክሪን ለመቀየር የይለፍ ቃል አያስፈልግም፤ ማሽኑ ሲነሣ የሚታየው ገጽ ይበቃል። የይለፍ ቃላቸውን ፕላስተር ላይ ጽፈው ክዳኑ ላይ ለጥፈው የሚሰጡ ደንበኞችም ገጥመውኛልና እርስዎ ብቻዎን አይደሉም።)

ደረሰኙ አያስፈራዎት። መረጃ መጥፋት ሌላ፣ መረጃ መቅዳት ሌላ። ጽሑፉ የሚያወራው ስለ መጀመሪያው ነው። እንዲያውም ደረሰኙን በደንብ ያስቀምጡት፤ ላፕቶፑ መቼ ገብቶ መቼ እንደወጣ የሚያሳየው እሱ ነው።

የሚከብደው ማስረጃው ነው። መልእክቱን የላከው ጠጋኙ መሆኑን እርስዎ ጠረጠሩ እንጂ ገና አላረጋገጡም። ፎቶውን ለባለቤትዎ ልከውለት ከሆነ ደግሞ የጠጋኙ ጠበቃ «ከባልየው ስልክ የወጣ ነው» ማለቱ አይቀርም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እላለሁ። ስለዚህ ከፎቶው ይልቅ የመታወቂያው ቅጂ ይበልጥ ሊጠቅም ይችላል። ከላፕቶፑ ሌላ የትም ያላስቀመጡት፣ ለማንም ያልላኩት ከሆነ ይህንኑ ለመርማሪው ለይተው ይንገሩት። ሁለተኛው የሒሳብ ቁጥሩ ነው። የቴሌግራም ስም ማንም ይፈጥራል፤ የባንክ ሒሳብ ግን ባለቤት አለው፤ ፖሊስ በሕግ አግባብ ሲጠይቅ ባንኩ ያወጣዋል።

ገንዘቡን አይላኩ። የከፈለ ሰው ሁለተኛ መልእክት ሲደርሰው በተደጋጋሚ አይቻለሁ። መልእክቱን የላከውን ሰውም ለጊዜው ብሎክ አያድርጉት፣ አይሳደቡትም። በቴሌግራም የግል ውይይት ላኪው መልእክቱን ከሁለቱም ወገን ማጥፋት ስለሚችል ዛሬውኑ የእያንዳንዱን ገጽ ምስል ያንሡ፤ ስሙ፣ ቀኑና ሰዓቱ ይታዩ። በሌላ ሰው ስልክም ማያ ገጹን ፎቶ ያስነሡ።

ማስፈራሪያው ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። የአዋጁ አንቀጽ 13 በኮምፒውተር አማካይነት ሰውን ማስፈራራትን ይመለከታል፤ አስፈራርቶ ገንዘብ መጠየቅን የወንጀል ሕጉም ይቀጣል። አቤቱታውን ለፖሊስ ያቀርባሉ፤ ክሱን የሚመሠርተው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ጉዳዩን በመጀመሪያ ደረጃ የሚያየው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው።

ካሳም አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ ማሳየትን ይከለክላል። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የሚቀርብ የካሳ ክስ በቁጥር 2143 መሠረት በሁለት ዓመት ይርጋ (ክስ ማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) ይታገዳል፤ የወንጀሉ ይርጋ ከዚያ የሚረዝም ከሆነ ረዥሙ ይሠራል። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አቤት የሚሉበትን መንገድ ከፍቷል፤ በእርስዎ ጉዳይ ግን ቀዳሚው በር ፖሊስ ነው።

ዛሬ ማታ ከስልክዎ የኢሜይልዎን የይለፍ ቃል ይቀይሩ፤ ሌሎቹ ሁሉ በእሱ በኩል ስለሚታደሱ ከእሱ ይጀምሩ። ነገ ጠዋት ደግሞ የመታወቂያዎ ቅጂ በሌላ ሰው እጅ መግባቱን ለባንክዎ በጽሑፍ ያሳውቁና የደብዳቤውን ግልባጭ ማኅተም አስደርገው ይያዙ። ከዚያ ወደ ፖሊስ ሲሄዱ ላፕቶፑን ሳያበሩት፣ ቻርጀሩን፣ ደረሰኙን፣ ስልክዎንና የታተሙትን ምስሎች ይዘው ይሂዱ። ላፕቶፑን ሲያስረክቡ መለያ ቁጥሩ የተጻፈበት የርክክብ ሰነድ ሳይቀበሉ አይውጡ።