ብዙ የአማርኛ ፋይል በተርሚናል ማረም፦ ከ፡፡ እስከ «ደንበኛ»

ጥያቄ፦ ፒያሳ የጽሕፈት አገልግሎት የሚሰጡ አንባቢ ሊኑክስ ኮምፒውተራቸው ላይ 300 ያህል የውል ፋይሎች አሏቸው። አራት ነጥቡ ሁሉ በአንዱ ። ፈንታ ሁለት ፡ ተደግሞ ፡፡ ተብሎ ተመትቷል፤ «ደንበኛ» የሚለውም «ተገልጋይ» እንዲባል ታዘዋል። እያንዳንዱን ሳይከፍቱ እንዴት ያርሙት?

መልስ፦ ሥራው የሴድ ነው፤ ሴድ በተርሚናል (ትእዛዝ ተጽፎ በሚሰጥበት መስኮት) የሚሠራ፣ ጽሑፍን በሕግ የሚተካ ፕሮግራም ነው። ትእዛዞቹን እዚህ የጻፍኳቸው እንደ አጠራራቸው ነው፤ እርስዎ በላቲን ፊደል ይምቷቸው፣ የሚታረመው አማርኛ ግን እንዳለ ይገባል። ከሁሉ በፊት ፎልደሩን በሙሉ ይገልብጡ፣ ዋናውን አይንኩት። ከዚያ በአንድ ፋይል ይሞክሩ፦

ሴድ 'ኤስ/ *፡፡/።/ጂ' ውል1.ቲኤክስቲ

ኤስ «ተካ» ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው ጂ ከቀረች ከየመስመሩ የመጀመሪያው ብቻ ይታረማል። ከኮከቧ በፊት ያለው ባዶ ቦታ «ነው ፡፡» ተብሎ ተራርቆ የተመታውንም ይይዛል። ነጠላውን ፡ ግን አይንኩ፤ 3፡30 ያለው ሰዓት ይበላሻል። ይህ ትእዛዝ ውጤቱን ስክሪን ላይ ያሳያል እንጂ ፋይሉን አይለውጥም። ውጤቱን በ> (ውጤትን ወደ ፋይል በሚልከው የ«ይበልጣል» ምልክት) ወደዚያው ፋይል እንዳይመልሱት አደራ፦ ሴድ ማንበብ ሳይጀምር ሼሉ (ትእዛዝዎን የሚቀበለው ፕሮግራም) ፋይሉን ባዶ ያደርገዋል።

«ደንበኛ» የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በእኛ ፊደል ቃል ሲረባ የመጨረሻው ፊደል ራሱ ይለወጣል። «ደንበኛ»ን ብቻ ቢተኩ «ደንበኞች» ሳይነካ ይቀራል፣ ኛ ኞ ሆኗልና፤ «ለደንበኛው» ደግሞ «ለተገልጋይው» ይሆናል። ስለዚህ ፋይሎቹ ውስጥ ያሉትን ቅርጾች አስቀድመው ያውጡ (ግሬፕ ይፈልጋል፣ ሶርት በተራ ያስቀምጣል፣ ዩኒክ ይቆጥራል)፦

ግሬፕ -ኦኤች 'ደንበ[^ ]*' *.ቲኤክስቲ | ሶርት | ዩኒክ -ሲ

ዝርዝሩን ካዩ በኋላ ሕጎቹን ደንብ.ሴድ በሚባል ፋይል ውስጥ ረጅሙን አስቀድመው ይጻፉ፦

ኤስ/ *፡፡/።/ጂ
ኤስ/ደንበኛው/ተገልጋዩ/ጂ
ኤስ/ደንበኛች/ተገልጋያች/ጂ
ኤስ/ደንበኞ/ተገልጋዮ/ጂ
ኤስ/ደንበኛ/ተገልጋይ/ጂ

አራተኛው «ደንበኞች»ን፣ «ደንበኞቹ»ን፣ «ደንበኞቻችን»ን በአንድ ጊዜ ይይዛል። አጭሩ «ደንበኛ» ቀድሞ ቢመጣ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው የሚተርፍ ነገር የለም። «ደንበኝነት» ከተገኘ የራሱን መስመር ይጨምሩለት። ቀን የሚያርሙ ከሆነ፣ ለምሳሌ 12/3/2016፣ መለያያውን በ/ ፈንታ # ያድርጉት፤ ሴድ ይቀበላል።

ስክሪን ላይ ከተስተካከለ ለሁሉም፦

ሴድ -አይ.ባክ -ኤፍ ደንብ.ሴድ *.ቲኤክስቲ

-አይ ፋይሉን ራሱን ይለውጣል፣ -ኤፍ ሕጎቹን ከደንብ.ሴድ ያነባል። .ባክ ከ-አይ ጋር ሳይራራቅ ይጻፍ፤ እንዲህ ከሆነ ማክ ላይም ይሠራል። የእያንዳንዱ ፋይል አሮጌ ቅጂ .ባክ ተብሎ ይቀመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ነገር አለ፦ መሀል ላይ መብራት ሄዶ ትእዛዙን ቢደግሙት፣ የታረመው ፋይል አሮጌው .ባክ ላይ ይጻፍበታልና ዋናው ይጠፋል። መጀመሪያ ፎልደሩን ይገልብጡ ያልኩት ለዚህ ነው። ሲጨርሱ ልዩነትን በሚያሳየው ዲፍ ጥቂት ፋይሎችን ከ.ባካቸው ጋር ያነጻጽሩ።

ወደፊት ሐን እና ኀን ወደ ሀ ለመመለስ ፊደልን በፊደል የሚቀይረውን የሴድን ዋይ ትእዛዝ ካሰቡ፣ የሲስተሙን የቋንቋ ቅንብር በሚያሳየው ሎካል በሚባል ትእዛዝ ይጠይቁና ዩቲኤፍ-8 (ፊደል በኮምፒውተር የሚቀመጥበት አንዱ ዘዴ) መሆኑን ያረጋግጡ። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ነው። ሲስተሙ «ሲ» በሚባለው፣ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል በሚያየው ቅንብር ላይ ከሆነ ሴድ ፊደሉን ሳይሆን ባይቱን ይቀያይራል፤ የባይቶቹ ቁጥር እኩል ስለሆነም ስህተት አለ ሳይል ጽሑፉን ያበላሻል።

ይህ ሁሉ ለተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። የዎርድ ዶክስ ፋይል የታመቀ ጥቅል ስለሆነ ሴድ ቃሉን አያገኘውም፤ ወደ ተራ ጽሑፍ ቀይረው ያስቀምጡት። ፎንቱን ሲቀይሩ አማርኛው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ከሆነ ደግሞ ጽሑፉ ዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ መለኪያ) አይደለም፤ በመቀየሪያ ፕሮግራም ካልተለወጠ አንዱም ሕግ አይሠራበትም።