አሉሚኒየሙ ለምን ከቆሻሻው ጋር ይሄዳል?

ቴክሳስ ውስጥ አሮጌ መኪና በሚፈጭ ድርጅት የሚሠራ አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ አሉሚኒየምና መዳብን ከቆሻሻ የሚለየው ኤዲ ከረንት ማሽናችን አሉሚኒየም እየጣለብን ነው። ከቆሻሻው ክምር ላይ በእጅ መልቀም ይቻላል። አለቃዬ የሮተሩን፣ ማለትም የሚሽከረከረውን ማግኔት፣ ፍጥነት ጨመረ፤ ለውጥ የለም። የሮተሩ ሽፋን ደግሞ በቅርቡ ተበስቶ ተቀይሯል። አሁን ማሽኑ አርጅቷል፣ ሴንሰር ያለው ይገዛ እየተባለ ነው። ምን ይመክሩኛል?»

ገንዘቡን ከማውጣታችሁ በፊት ወደ ማሽኑ የሚገባውን ነገር እዩ። ከነገርከኝ ስነሳ ጥፋቱ ያለው ከሮተሩ በፊት ነው። የተበሳው ሽፋን ራሱ ይመሰክራል።

ሮተሩ ሰሜንና ደቡብ ዋልታቸው እየተፈራረቀ የተደረደሩ ኃይለኛ ማግኔቶች አሉት። ዕቃውን ከሚያመጣው ቤልት በጣም ፈጥኖ ይሽከረከራል። አሉሚኒየም ወይም መዳብ በላዩ ሲያልፍ በቁራጩ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠራል፤ ጅረቱ ከሮተሩ ጋር ይገፋፋና ቁራጩ ወደፊት ይዘላል። ፕላስቲኩና ጎማው ግን እዚያው ይወድቃል። መዳብ ከአሉሚኒየም የተሻለ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ነገር ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ይከብዳል። ስለዚህ ለክብደቱ ሲታይ አሉሚኒየም የሚያገኘው ግፊት የመዳብ እጥፍ ያህል ነው። እንግዲህ ከሁሉ በቀላሉ የሚዘለው አሉሚኒየም እየቀረባችሁ ከሆነ፣ የሚያስቀረው ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

በብረቱ ጀምር። ብረት ሮተሩ ላይ ሲደርስ አይገፋም፣ ይሳባል። እዚያው ይጣበቃል። በተፈራራቂው ማግኔት መካከል ሲቆይ ይግላል፤ ቤልቱንም ሽፋኑንም አቃጥሎ ይበሳል። ሽፋናችሁ የተበሳው በዚህ ይመስለኛል። ከፊት ያለው ባለ ከበሮ ማግኔት ብረቱን በሙሉ እያነሳ አይደለም። በከበሮውና በሚያልፈው ዕቃ መካከል ያለውን ክፍተት ለካ። ዕቃው ወፍራም ሆኖ የሚመጣ ከሆነ ብረቱ ከስፖንጁና ከጎማው ሥር ተደብቆ ያልፋል። ከኤዲ ከረንቱ በፊት አንድ ተጨማሪ ማግኔት ማስገባት ሽፋን ከመለዋወጥ በብዙ ይሻላል። ቤልቱ ሥር የሚገባውን ደቃቅ ብረትም አትርሳ፤ ቤልቱን ስታወልቅ ውስጡን በደንብ ጥረግ።

ቀጥሎ ወንፊቱ። ትልቁና ትንሹ ተቀላቅሎ ሲመጣ ማሽኑን ለሁለቱም ማስተካከል አይቻልም። ጥሩ ልምዱ ትልቁ ቁራጭ ከትንሹ ሦስት እጥፍ ገደማ እንዳይበልጥ ማድረግ ነው፤ ለምሳሌ ከ10 እስከ 30 ሚሊሜትር ለብቻ፣ ከ30 እስከ 90 ለብቻ። ቁራጩ ባነሰ ቁጥር ግፊቱ በፍጥነት ይዳከማል። ዘሎ የሚወድቅበት ቦታም ከትልቁ ይለያል። የወንፊቱ ቀዳዳዎች በሽቦ ተጠቅጥቀው እንደሆነ ሂድና እይ። የመኪና ሽቦ እዚያ ላይ ተጠምጥሞ ግማሹን ሲዘጋው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ከሁሉም በላይ የምጠረጥረው ግን አመጋገቡን ነው። ዕቃው ቤልቱ ላይ ለስጥ እንደሚበተን እህል ስስ ሆኖ መዘርጋት አለበት። በቁራጮቹ መካከል ቤልቱ ራሱ መታየት አለበት። ጎማ የተጫነበት አሉሚኒየም አይዘልም፤ ቢዘልም ከጎረቤቱ ተጋጭቶ ይመለሳል። የሮተር ፍጥነት መጨመር ለደቃቁ ሊረዳ ይችላል፤ የተደራረበውን ግን አያወጣም። አለቃህ ለውጥ ያላየው ለዚህ ይመስለኛል። በንዝረት የሚመግበው ገበታ የቤልቱን ሙሉ ስፋት እየሞላ ነው ወይስ መሐል ላይ እየከመረ? መሐል ላይ ከከመረ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

አሁን ፈተናውን ሥራ። በአንድ ፈረቃ ውስጥ ከቆሻሻው መስመር በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ናሙና ውሰድ። በወንፊት ለይ፣ በእጅ ልቀም፣ መዝን። የጠፋው ደቃቅ አሉሚኒየም ከሆነ ወንፊቱን ተመልከት። ትልልቅ ቁራጭ ከሆነ መደራረቡን፣ ከዚያ የሚዘለውን ከሚወድቀው የምትለየውን ሰሌዳ። ሰሌዳዋን ጥቂት ጥቂት እያንቀሳቀስክ እንደገና መዝን። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አትቀይር፤ የትኛው እንደረዳ አታውቅም።

ስትሠራ ተጠንቀቅ። ስታስነሳ ቤልቱ ይቅደም፤ ስታቆም ቤልቱ የመጨረሻ ይሁን። ሮተሩ እየዞረ ቤልቱ ከቆመ በላዩ የቀረው ዕቃ ግሎ ቤልቱን ያቃጥለዋል። መብራት ከጠፋ በኋላም ሮተሩ ወዲያው አይቆምም፤ ሙሉ በሙሉ እስኪቆም ጠብቅና ማብሪያውን ቆልፈህ ቁልፉን ራስህ ያዝ። የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት ሰው ፈጽሞ አይጠጋው፤ ማግኔቱ ማሽኑ ቢቆምም ይሠራል።

ሚዛኑ ላይ የወጣው በአብዛኛው ስቴይንለስና ሽፋን ያለው ሽቦ ከሆነ ግን አለቃህ ትክክል ነው። እነዚህን ኤዲ ከረንት በደንብ አያወጣቸውም። ለእነሱ ቤልቱ ሥር በተደረደሩ ሴንሰሮች አይቶ በአየር ግፊት የሚመታ ማሽን ያስፈልጋል። እሱም ቢሆን ስስ የተዘረጋ ዕቃ ይፈልጋል፤ ከተደራረበ አየሩ ቆሻሻውንም አብሮ ይመታል። ስለዚህ ወንፊቱንና አመጋገቡን አስተካክላችሁ ስትጨርሱ ከቆሻሻችሁ በርሜል ሙሉ ለሻጩ ላኩለት። በማሽኑ አሳልፎ ስንት ኪሎ እንዳወጣና ስንት ኪሎ እንዳመለጠው በጽሑፍ ይስጣችሁ፤ ዋጋውን ከዚያ በኋላ ተነጋገሩ።