«ካቢ ካቢ» መጀመሪያ ግጥም ነበር
የሕንዱ ኡርዱ ገጣሚ የሳሂር ሉዲያንቪ «ካቢ ካቢ» በዚሁ ስም ለተሠራው የሕንድ ፊልም ነው የተጻፈው ወይ፣ ቃሉንስ ሁለት ዓይነት ሆኖ ለምን አገኘሁት ላልከው፦ ለፊልሙ አይደለም። ፊልሙ በ1976 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው፤ ግጥሙ ግን በ1940ዎቹ በታተመው «ታልኪያን» በተባለው የኡርዱ መድበሉ ውስጥ አለ። ሁለት ዓይነት ቃል ያገኘኸው ለዚህ ነው፤ አንዱ የግጥሙ፣ ሌላው የፊልሙ ዘፈን ነው።

ለዘፈኑ ሳሂር ራሱ ቋንቋውን አቅልሎ እንደገና ጻፈው። መነሻው አንድ ነው፤ አንዳንዴ በልቤ ሐሳብ ይመጣል ይላል። ከዚያ መንገዳቸው ይለያያል። ግጥሙ፣ ሕይወቴ በጸጉርሽ ለስላሳ ጥላ ሥር ባለፈ ኖሮ ይለመልም ነበር እያለ ይቆጫል። ዘፈኑ ግን ለእኔ የተፈጠርሽ ይመስለኛል ይላል። አንጀቴን የሚበላው ግጥሙ ነው።

ስትተረጉም ግን ተጠንቀቅ፣ የቱን እንደያዝክ ለይ። እኔ አንዴ ሁለቱን አደባልቄ ሥራውን ከዜሮ ጀምሬዋለሁ። በፊልሙ ውስጥ ተዋናዩ አሚታብ ባቻን በንባብ የሚለው ግጥሙን ነው፤ ድምፃውያኑ ሙኬሽና ላታ የሚሉት ዘፈኑን።