ሦስት ሌሊት ላላችሁ

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ ስልኳን ይዛ መጣችና ሦስት ማስታወቂያ አሳየችኝ። አንዱ ተራራ ላይ የሚደረግ የዮጋና የዝምታ ቆይታ፣ ሁለተኛው ሳውናና ማሳጅ ያለው ሎጅ፣ ሦስተኛው ድንኳን ይዞ በእግር መጓዝ ነው። «ጋሼ፣ የቱ ይሻለኛል?» አለችኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆኜ ስሠራ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። በእኛ ጊዜ የዛለ ሰው ወይ ፍል ውኃ ይወርዳል፣ ወይ ሱባኤ ይገባል።

«ምንሽ ነው የደከመው?» አልኳት። ዝም አለች።

ልጆቼ፣ ከዋጋው በፊት ይህን መልሱ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የሚውል ሰው እግሩ አልደከመም፤ መንዝ ጓሳ ሄዶ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ እያየ ቢራመድ ይጠቀማል። (የጓሳ ሰዎች ሣሩ እንዲያገግም መሬቱን ለዓመታት ዘግተው፣ ሲደርስ ብቻ ለአጨዳ የሚከፍቱበት የቆየ ሥርዓት አላቸው። ከእኛ ይልቅ ዕረፍት የገባቸው ይመስለኛል።) የሌሊት ተረኛ ነርስ ግን በእግሯ ቆማ የምታድር ናትና፣ የተራራ ጉዞ ሌላ ተረኝነት ይሆንባታል። እሷን ሙቅ ውኃና እንቅልፍ ይሻላታል። ዝምታውን ደግሞ ሰዎች ከሚገባው በላይ ያወድሱታል። ደንበኛ ሲጮህበት ለሚውል ሰው መድኃኒት ነው፤ ሐሳብ ሲያላምጠው ለሚያድር ሰው ግን ከዚያው ሐሳብ ጋር ሦስት ቀን መታሰር ነው። እንዲህ ያለው ሰው የሚያናግረው ወዳጅ ይዞ ይሂድ። ሳምንታት እንቅልፍ ካጣ ደግሞ ተራራውን ትቶ ሐኪም ዘንድ ይቅረብ።

ሁለተኛው ጉዳይ የምታድሩበት ከፍታ ነው፤ ይህን የተማርኩት ከራሴ ሞኝነት ነው። ገና ጎልማሳ ሳለሁ ሦስት ቀን ፈቃድ አግኝቼ ወደ ጎንደር በረርኩ፤ በዚያው ቀን ደባርቅን አልፌ በስሜን ተራሮች 3,600 ሜትር ግድም ያለው ጨነቅ ላይ አደርኩ። ሐኪም ነኝ፤ የከፍታ ሕመምን ለተማሪ አስተምሬያለሁ። ሌሊቱን ራሴን ለሁለት ሲፈልጠኝና ሲያጥወለውለኝ አነጋሁ። በማግስቱ ወረድኩ፣ በሦስተኛው ቀን ቤቴ ገባሁ። የስሜን ተራሮች እንዴት ናቸው ሲሉኝ እስካሁን የማወራው ስለ ብርድ ልብሱ ነው።

ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያድር ብዙ ሰው ተኝቶ ሳለ ትንፋሹ ለጥቂት ሰኮንድ ቆም እያለ ይመለሳል፤ በዚያ መሃል ይባንናል። ስለዚህ ከዚያ በላይ የመኝታችሁን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ። አዲስ አበቤ 2,400 ሜትር ግድም ስለሚኖር ትንሽ ይችለዋል። ከዱባይ ወይም ከጅዳ ለፈቃድ የመጣን ዘመድ ግን በነጋታው ባሌ 4,000 ሜትር ላይ ያለው ሳነቴ አታሳድሩት። ሌሊታችሁ ሦስት ብቻ ከሆነ እኔ ቅርብና ዝቅ ያለውን እመርጣለሁ። እቴጌ ጣይቱም እኮ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍል ውኃ ወረዱ እንጂ ወደ ላይ አልወጡም፤ ይህች ከተማ በ1879 ዓ.ም የተቆረቆረችው ከዚያ መውረድ ነው።

ጸበልና ሱባኤ ለምትመርጡ አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ መድኃኒታችሁን አታቋርጡ። የሚጥል በሽታ ክኒኑን ትቶ ተራራ የወጣ ወጣት፣ በሦስተኛው ቀን በሰው ሸክም ወደ እኔ መጥቷል። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል እንደማይጣሉ በአደባባይ ተናግረዋል። ስኳር ያለበት ሰው ከመጾሙ በፊት የንስሐ አባቱንም ሐኪሙንም ያማክር፤ ቤተ ክርስቲያን ለበሽተኛ ጾም አታጠብቅም።

ስለ ማሳጁ የምለው የለኝም፤ ደስ ካላችሁ ታሹ። የመንገዱን ሰላም ግን ከመነሳታችሁ በፊት እዚያው ከሚኖር ሰው ጠይቁ፤ ማስታወቂያ ይህን አይነግራችሁም።

የእህቴ ልጅ ከሦስቱ ማስታወቂያ አንዱንም አልመረጠችም። ከጓደኛዋ ጋር ወንጪ ሄዳ ሁለት ሌሊት አደረች፤ በፈረስ ወደ ሐይቁ ወረደች፣ ከሰዓት በኋላ ተኛች። ስልኳን ዘግታው ስለነበር እናቷ ሦስት ጊዜ እኔ ጋ ደወለች።