መልስ፦ ሰርዲኑ ይበላል፣ መንጠቆው ባዶውን ይወጣል

ሜልበርን (አውስትራሊያ) ባለው ዊልያምስታውን፣ ፍላትሄድ የተባለውን ዓሣ ለማጥመድ ሰርዲን ሳደርግ ይበላብኛል፣ መንጠቆውም ባዶውን ይወጣል ብለህ ጠይቀሃል። ሰርዲኑን ተወውና ስኩዊድ (ብዙ ክንድ ያለው የባሕር እንስሳ) አድርግ። እዚያ መንጠቆህን ባዶ የሚያስቀሩት ትንንሽ ዓሦች ናቸው። ሰርዲን ለስላሳ ስለሆነ በሁለት ሦስት ንክሻ ያወርዱታል። የስኩዊድ ሥጋ ግን ጠንካራ ነው፣ ቶሎ አይላቀቅም።

1. ስኩዊዱን ቀጭንና የጣትህን ያህል ረዘም አድርገህ ቁረጠው። መንጠቆውን በአንደኛው ጫፍ አንዴ ብቻ አሳልፈው፤ ሌላው ጫፍ ውኃው ውስጥ ይወዛወዝ። ከቋጠርከው ሲጎተት ይሽከረከርና ክርህን ያወሳስብብሃል።

2. ወርውረህ ዝም ብለህ አትቀመጥ። የምትፈልገው ፍላትሄድ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ አጠገቡ የሚያልፈውን የሚጠብቅ ዓሣ ነው። ክሩ ላይ የታሰረው የእርሳስ ክብደት የባሕሩን ወለል ሲነካ ትንሽ ቆይ፣ ክሩን አንድ ሁለት ዙር ጠቅልል፣ እንደገና ቆይ።

ስትይዘው ጭንቅላቱን በእጅህ አትጨብጥ። ጉንጮቹ ላይ ያሉት እሾሆች ክፉኛ ይወጋሉ፤ በወፍራም ጨርቅ ያዘው። ዊልያምስታውን ባለችበት በቪክቶሪያ ግዛት ውስጥ ከ27 ሴንቲሜትር ያነሰውን መመለስ ግዴታ ነው። የማጥመድ ፈቃድም ከ18 እስከ 69 ዓመት ላለ ሰው ያስፈልጋል፣ በኢንተርኔት ይገዛል።

አንድ ነገር ግን አደራ። መንጠቆህን ባዶ ከሚያስቀሩት ከእነዚያ ሌቦች አንዱ ቶድፊሽ የተባለ ዓሣ ነው፤ ሲወጣ ሆዱን እንደ ፊኛ ይነፋል፣ ቅርፊት የለውም። ሰዎች ለወጥ ብለው ባልዲ ውስጥ ሲከቱት አይቻለሁ። መርዙ ሰው ይገድላል፣ ቢቀቅሉትም ቢጠብሱትም አይጠፋም። መንጠቆውን ንቀልና ወዲያው ወደ ባሕሩ መልሰው። ልጆች አብረውህ ካሉ ደግሞ እንዳይነኩት ንገራቸው፤ ጥርሱም ስለታም ነው።