መልስ፦ ጫካ ውስጥ ለመዋል የት ልሂድ፣ መቼስ?
ወንድሜ፣ ከአዲስ አበባ ወጣ ብዬ ጫካ ውስጥ በጸጥታ ውዬ የምመለስበት ላልከው፣ እኔ የምመርጠው ወጨጫ ተራራ ላይ ያለውን የመናገሻ ሱባ ደን ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ጥቅምትን ጠብቅ፤ መሬቱ ጠፈፍ ይላል፣ ልምላሜው ግን አለ። ትልልቆቹ ጽዶች ሥር ዝም ብለህ ተቀመጥ። ጉሬዛዎቹ መጀመሪያ ይሸሻሉ፤ ቆይተው ነጩን ጭራቸውን አንጠልጥለው ከራስህ በላይ ቅጠል መልቀም ይጀምራሉ። እየተቻኮለ የሚያልፍ ሰው ይህን አያይም። ከፍ ስትል ጽዱ ይቀርና አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ይተካል።

በበጋ ጠዋቱ ስለሚበርድ ጋቢ ያዝ፤ ደኑ ደረቅ ነውና እባክህ እሳት እንዳታነድ። ክረምትን ብዙ ሰው ይፈራዋል፣ እኔ ግን ጉሙ ግንዶቹ መሀል ሲገባ እወደዋለሁ። ቦት ጫማ አድርግ፣ ከሰዓት በኋላ ስለሚዘንብ በጠዋት ግባ። ከመነሳትህ በፊት የመንገዱን ሁኔታ የአካባቢውን ሰው ጠይቅ።